ግቢው ሰፊ፣ በሩ ጠባብ፦ ላይትኒንግ ፒክአፕ ላይ የሞከርነው የቤት ሥራ ፕሌነም

ልጁ ሲደውልልኝ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ላሜራ ገዛሁ» አለኝ።

«የምን ላሜራ?»

«አሉሚኒየም። ለመኪናዋ ፕሌነም ልንሠራላት ነው።»

«ልንሠራላት» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ሳልጠየቅ ሥራ ተቆጥሮልኛል። ፕሌነም የሚለው የሞተሩን የአየር ሳጥን ነው፣ እመጣበታለሁ።

ልጁ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከእኔ ቤት 10 ደቂቃ ርቀት ላይ ይኖራል። እኔ ደግሞ ልጅነቴን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ፣ ጉልምስናዬን እዚህ አሜሪካ ሊፍት ሥር ያሳለፍኩ መካኒክ ነኝ። አሁን የምሠራው ደስ ሲለኝ ብቻ ነው። እሱ ይህን ስለሚያውቅ ደስ የሚለኝን ነገር እየፈለገ ያመጣልኛል።

መኪናዋ የ2001 ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ ናት። ለማያውቃት፣ ከ1999 እስከ 2004 ባሉት ሞዴሎቿ ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ፣ ከፋብሪካው ተገጥሞላት የወጣች ፒክአፕ ናት። ሞተሯ 5.4 ሊትር ቪ8 ነው። መጀመሪያ 360 ፈረስ ጉልበት ነበራት፣ ከ2001 ጀምሮ 380 ሆነ። በ2003 በሰዓት 147 ማይል ሮጣ በጊነስ መዝገብ የፈጣን ፒክአፕ ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። ወደ 237 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። የጭነት መኪና መባሏ ለስሙ ነው። ልጁ ግን አንድ ጊዜ ፍሪጅ ጭኖባት ሲመጣ አይቻለሁና አልምልም።

ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ተርቦቻርጀር የሚዞረው በጭስ ነው። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ነው የሚዞረው። ላይትኒንግ ላይ ያለው ኢተን ኤም 112 ይባላል። 112 የሚለው አንድ ጊዜ ሲዞር የሚያሻግረው አየር በኪዩቢክ ኢንች ሲለካ ነው። በሊትር 1.84 ይሆናል። በጣሳ እህል የገዛ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጣሳው አንድ ነው። ነቅንቆ ጠቅጥቆ የሚሰፍርልህና ለይምሰል ሞልቶ የሚሰጥህ ግን እኩል አይደሉም። ሱፐርቻርጀሩም እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ 1.84 ሊትር ያሻግራል፤ አፉ ላይ የደረሰው አየር ስስ ከሆነ ስሱን ያሻግራል።

አዲስ አበባ ላይ ሙያ የተማረ መካኒክ ስስ አየር ምን እንደሆነ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ቨርጂኒያ የአየሩ ግፊት ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ሲሆን እዚያ 22 ተኩል አካባቢ ነው። ሩቡ የለም ማለት ነው። ጭነት ይዞ ጣርማበርን የወጣ ሾፌር ከኋላው የሚተወውን ጥቁር ጭስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ነዳጁ አለ፣ አየሩ ግን አልደረሰም።

ፕሌነም ስሙ ያስፈራል እንጂ ባዶ የአየር ሳጥን ነው። በዚች መኪና ላይ የሚቀመጠው በትሮትሉ፣ ማለትም ነዳጅ ሲረገጥ በሚከፈተው የአየር በር፣ እና በሱፐርቻርጀሩ መካከል ነው። አየሩ በትሮትሉ ይገባል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከዚያ በሱፐርቻርጀሩ የኋላ አፍ ይገባል። የፋብሪካው ፕሌነም ከአሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ነው። ለፋብሪካው 380 ፈረስ በቂ ነው። የልጁ መኪና ግን እንደ ፋብሪካው አይደለችም። የቀድሞ ባለቤቷ ቺንጋው የሚዞርበትን የሱፐርቻርጀሩን ፑሌጃ አነስ ባለ ፑሌጃ ቀይሮታል። ፑሌጃው ሲያንስ ሱፐርቻርጀሩ ይፈጥናል። ሞተሩ 1 ጊዜ ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ 2.4 ጊዜ ይዞራል።

እስቲ እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ 12,000 ይዞራል። በሰከንድ 200 ዙር ነው። እያንዳንዱ ዙር 1.84 ሊትር ከሆነ፣ በወረቀት ላይ በሰከንድ 368 ሊትር ይመጣል። አንድ የነዳጅ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። ሁለት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው አየር በአንዲት ሰከንድ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚያልፈው ስፋታቸው 57 ሚሊ ሜትር በሆነ 2 የትሮትል ቀዳዳዎች ነው። ፍጥነቱ ሲሰላ በሰዓት ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት 237 ነበር። አየሩ ትሮትሉ ውስጥ የሚሮጠው መኪናዋ ክብረ ወሰን ከያዘችበት ፍጥነት በላይ ነው። እንዲህ የሚሮጥ አየር ሹል ማዕዘን አይወድም። እዚህ ላይ ቆይተን እንመለሳለን።

«ላሜራውን ለጊዜው ጥግ አስይዘው» አልኩት። መጀመሪያ አሮጌው ምን ያህል እንደሚያንቅ ይለካ። ካላነቀ አዲሱ ምን ሊያድን ነው?

ሦስት ቦታ ጌጅ አስገባን። አንዱ ከአየር ማጣሪያው በኋላ፣ ከትሮትሉ በፊት። ሁለተኛው ፕሌነሙ ውስጥ፣ ሱፐርቻርጀሩ አፍ ሥር። ሦስተኛው አየሩን ከሚያቀዘቅዘው ከኢንተርኩለሩ በታች፣ አየሩ ወደ ሲሊንደር ሊገባ ሲል። ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች በኮፈኑ ጠርዝ አሳልፈን በመስኮት ወደ ጋቢና አስገባን። ጌጆቹን ካርቶን ላይ ደረደርናቸው። ፊት ለፊታቸው ስልክ አሰርን። ቪዲዮው ነው መዝገባችን። ነዳጅ ረግጦ ጌጅ ማንበብ የሚሞክር ሰው ወይ ጌጁን ወይ መንገዱን ያጣል።

መንገድ ላይ ግን አልለካንም። መኪና ቆማ ጉልበቷ የሚለካበት፣ በሰዓት የሚያስከፍል ዳይኖ ቤት ቀጠሮ ያዝን። እያንዳንዱ ሙከራ 3 ጊዜ ይደገማል ብለን ተስማማን። ከእያንዳንዱ በፊት ከኢንተርኩለሩ በታች ያለው አየር 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪወርድ እንጠብቃለን። ይህቺ ጥበቃ ልጁን ልትገድለው ነበር። ሰዓቱ በገንዘብ ይቆጥራል፣ እኔ ደግሞ ቴርሞሜትር ላይ አፍጥጬ «ገና ነው» እላለሁ። ግን በጋለ ሞተርና በቀዘቀዘ ሞተር መካከል ያለው ልዩነት እኛ ከምንፈልገው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ የለካነው ፕሌነሙን ሳይሆን ትዕግሥታችንን ነው።

በአሮጌው ፕሌነም፣ በ5,000 ዙር የወጣው ይህ ነው። ከትሮትሉ በፊት 1.2 ኢንች ቫኪዩም፣ ማለትም ከውጭው አየር ግፊት 1.2 ኢንች ሜርኩሪ ጎድሏል። ሱፐርቻርጀሩ አፍ ላይ 3.4 ኢንች። ከታች ቡስቱ፣ ማለትም ከውጭው አየር በላይ የተጨመረው ግፊት፣ 11 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው)። ጎማው ላይ 388 ፈረስ ጉልበት፣ ከሙከራ ሙከራ 3 ፈረስ ያህል ከፍ ዝቅ እያለ።

ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ትሮትሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሱፐርቻርጀሩ አፍ ላይ ቫኪዩም ካለ መተንፈስ አቅቶታል ማለት ነው። 3.4 ኢንች ከ30 ውስጥ 11 በመቶ ገደማ ነው። ጣሳው ከመሰፈሩ በፊት አንድ ዘጠነኛው ጎድሏል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሱፐርቻርጀሩ አፉ ላይ ያገኘውን ግፊት በዚች መኪና ላይ ወደ 2 እጥፍ ያበዛዋል። ስለዚህ አፉ ላይ 1 ፒ ኤስ አይ ሲጎድልበት ከታች የሚጎድለው ወደ 2 ነው። ከላይ ያለች ጉድለት ወለዷን ጨምራ ከታች ትወርዳለች።

ልጁ ቁጥሩን ሲያይ ፈነደቀ። «አላልኩዎትም ጋሼ?» ብሎኛል። እርግጥ ብሎኛል። ግን ከ3.4ቱ ውስጥ 1.2ቱ ከትሮትሉ በፊት፣ በማጣሪያውና በቱቦው የጠፋ ነው። ለፕሌነሙና ለትሮትሉ የሚቀረው 2.2 ነው። ይህንን ስነግረው ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ።

ወደ ሥራው ገባን። ናሙናውን የቆረጥነው ከሽሮ ካርቶን ነው። ከዚያ በፊት ግን ኮፈኑ ሲዘጋ ስንት ቦታ እንደሚቀር ማወቅ ነበረብን። የልጁን ሴት ልጅ መጫወቻ ሊጥ ተበደርን። አሮጌው ፕሌነም ላይ በወፍራሙ ለጠፍንበት፣ ኮፈኑን ቀስ ብለን ዘጋን፣ ከፈትን። የተደፈጠጠውን ሊጥ በቢላ ቆርጬ ለካሁት። ከፊት 35 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ 19 ብቻ። ሞተር ደግሞ ነዳጅ ሲሰጠው ቦታው ላይ ይንቀሳቀሳል። ከ19ኙ 10 ለሞተሩ እንቅስቃሴ ተውን። የቀረችው 9 ናት። ልጁ ያሰበው ግዙፍ ሣጥን እዚያው ሊጡ ላይ ሞተ። ሊጡ ግሪስ ነክቶት ስለተመለሰ ልጅቷ አኩርፋናለች። አዲስ ገዝተን ነው የታረቅነው።

የፋብሪካው ፕሌነም ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በሙሉ፣ አንድም ሳናስቀር፣ አዲሱ ላይ በቦታቸው አደረግን። የፍሬኑ ቫኪዩም አለ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ የሚተነፍስበት መስመር አለ። ባይፓሱ አለ። ባይፓስ መኪናዋ ዝም ብላ ስትሄድ የሱፐርቻርጀሩን አየር መልሶ ወደ አፉ የሚያዞር በር ነው። በደንብ ካልተዘጋ ቡስት የሚባል ነገር የለም። ካልተከፈተ ደግሞ ሱፐርቻርጀሩ ያለ ሥራው ሲንጫጫና ሲግል ይውላል። የእሱን ቀዳዳ በካርቶን ሳይሆን አሮጌውን ጋስኬት እላዩ ላይ አስቀምጬ በመርፌ ጫፍ ነው ያሰመርኩት።

ልጁ የገዛው ላሜራ 3 ሚሊ ሜትር ነው። «ቀጭን ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቡስት እኮ አይገባበትም። ቡስቱ ከታች ነው።»

እውነቱን ነው። ፕሌነሙ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ስለሆነ ቡስት አያየውም። የሚያየው ቫኪዩም ነው። እኔም በዚህ ተረታሁ። መረታት አልነበረብኝም።

አንድ አሉሚኒየም በቲግ የሚበይድ ወዳጃችን በ2 ቅዳሜ ጨረሰልን። ብየዳው ሲያዩት ያምራል። ከዚያ የመጣው ሥራ ግን ፎቶ የሚነሳለት ዓይነት አይደለም። ማጠብ ነው። የሱፐርቻርጀሩ ሮተሮች እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ ፀጉር በሚያህል ክፍተት ነው የሚዞሩት። አንዲት የሞረድ ብናኝ መካከላቸው ከገባች ሮተሩን ፍቃ ታበላሸዋለች። አሉሚኒየም ደግሞ በማግኔት አይለቀምም። በሙቅ ውሃና በሳህን ሳሙና አጠብነው። በአየር ነፋነው። ከዚያ ነጭ አሮጌ ጋቢ ቀድጄ ውስጡን ጠረግሁት። ጋቢው ላይ የብር ቀለም ያላት ብናኝ ታየች። ደግመን አጠብን። በ5ኛው ነጩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በፊት «ይበቃል» ያለ ሰው ሱፐርቻርጀር ለመግዛት ይዘጋጅ።

ገጠምነው፣ አስነሳነው። ሞተሩ ተነሣ፣ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ልክ እንደሚያስነጥስ ሰው ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩን ስናነብ ነዳጁን 14 በመቶ እየጨመረ ነው። ቀድሞ 3 በመቶ ነበር። ያልተለካ አየር ከሆነ ቦታ እየገባ ነው። በጭስ ማሽን ሞላነውና ባትሪ አብርተን ጠበቅን። ከታችኛው የውስጥ ማዕዘን፣ የበያጁ ችቦ በደንብ ካልደረሰበት ቦታ፣ ቀጭን የጭስ ክር ወጣች። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ናት። ወርዶ ተበየደ።

ሁለተኛው ችግር በጆሮ ነው የመጣው። ነዳጅ ተሰጥቶ ሲለቀቅ ከኮፈኑ ሥር «ጧ!» ይላል። እንደ ዘይት ቆርቆሮ ድምፅ። እጄን ክዳኑ ላይ ባደርግ መዳፌ ሥር ገባ ወጣ ይላል።

እንግዲህ 3 ሚሊ ሜትሩ ይሄ ነው። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ሣጥኑ ውስጥ 18 ኢንች ያህል ቫኪዩም አለ። የክዳናችን ስፋት 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው። አስሉት። የውጭው አየር ክዳኑን የሚጫነው ወደ 300 ኪሎ በሚጠጋ ክብደት ነው። 3 ኩንታል ጤፍ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ነዳጁን ስትረግጠው ቫኪዩሙ ይጠፋል፣ ኩንታሎቹም ይወርዳሉ። ስትለቅ ተመልሰው ይጫናሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ከሆነ ብየዳው መሰንጠቁ አይቀርም። ሲሰነጠቅ ደግሞ ስንጣሪው የሚሄደው ወዴት እንደሆነ አውቃችኋል። ሮተሩ ጋ ነው። 3 ዘንግ አሉሚኒየም ከላይ አስበየድንበት። ጧታው ጠፋ። «ቡስት እኮ አይገባበትም» የሚለውን ግን እስከ ዛሬ እያስታወስኩ አበሽቀዋለሁ።

ዳይኖ ቤት ተመለስን። የሣጥኑ ጌጅ 2.4 አነበበ። ከ3.4 ወደ 2.4! ልጁ ቪዲዮውን ለሚስቱ ሊልክ ነበር። ከታች ያለው ቡስት ግን 11.2 ነው። ጉልበቱ 392።

እዚህ ላይ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። አፉ ላይ 1 ኢንች ካገኘን ግማሽ ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው። በ2 ሲባዛ ከታች ቡስቱ ወደ 12 መጠጋት ነበረበት። ያገኘነው 0.2 ብቻ ነው። 4 ፈረሱም ቢሆን ቅድም 3 ከፍ ዝቅ ይላል ካልኩት ብዙም አይርቅም። ያ ፈረስ አይደለም፣ የፈረስ ጥላ ነው። ጌጁ አንድ ነገር ይላል፣ ሞተሩ ሌላ ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ እኔ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር ነኝ።

ማታ ራት ላይ ተገለጠልኝ። አሮጌው ፕሌነም ላይ ጌጁን ያስገባነው ሱፐርቻርጀሩ አፍ ሥር ነበር። አዲሱ ላይ ግን፣ ለትራፓኖ ስለተመቸን ብቻ፣ ሣጥኑ መሀል ላይ ነው የበሳነው። ሣጥኑ ሰፊ ነው። መሀሉ ላይ አየሩ ቀስ ይላል፣ ግፊቱም ጥሩ ይመስላል። የበዓል ቀን የቤተ ክርስቲያን ግቢ አስቡት። ቅዳሴ ሲያልቅ ግቢው መሀል ላይ የቆመ ሰው እጁን ዘርግቶ ያወራል። በሩ ጋ ያለው ግን ጎን ለጎን ተጣብቆ መተንፈስ አቅቶታል። እኛ የጠየቅነው መሀል ላይ የቆመውን ነው።

በማግስቱ አፉ ሥር ሌላ ቀዳዳ በሳን። ጌጁ 3.0 አለ። ይሄ ከቡስቱ ጋር ይታረቃል። ማለትም ያ ሁሉ ላሜራ፣ ያ ሁሉ ብየዳ፣ ያተረፈልን 0.4 ኢንች ነው።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ «በቃ አሮጌውን እንመልስ?» አለኝ። ድምፁ አሳዘነኝ።

«አንተ ልጅ፣ በሩን ሳናይ ግቢውን አናፍርስ» አልኩት።

ፕሌነሙን አውርደን ገለበጥነው። ከሱፐርቻርጀሩ ጋር የሚገጥመው ጠፍጣፋ ብረት 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የአፉ ጠርዝ ልክ በሴጌቶ እንደተቆረጠ ሆኖ ቀርቷል። 90 ዲግሪ፣ ጣት የሚቆርጥ። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ አየር እንዲህ ያለ ጠርዝ ላይ አይታጠፍም። ከግድግዳው ተላቆ ያልፋል፣ ከጠርዙ ሥር ይሽከረከራል። ቀዳዳው በዓይን ሰፊ ነው። አየሩ የሚጠቀምበት ግን መሀሉን ብቻ ነው። የፋብሪካው ፕሌነም ጠባብ ቢሆንም እዚያ ቦታ ላይ ጠርዙ የተጠጋጋ ነበር። አሮጌውን አንስቼ አውራ ጣቴን በጠርዙ ላይ ሳሳልፈው እንደ ማሰሮ አፍ ለስላሳ ነው። ያን የሠራው ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር። እኛ ከእሱ ስፋቱን ነጥቀን ጥበቡን ጥለንለት ነው የመጣነው።

በያጁ ወዳጃችን በአፉ ዙሪያ ክብ ዘንግ አጥፎ በየደልን። ከዚያ ሞርሳ ላይ አስረን ሞረድ ለልጁ ሰጠሁት። ጠርዙ በ12 ሚሊ ሜትር ራዲየስ እንዲጠጋጋ ነው ሐሳቡ። በማሽን ይሠራ ነበር፣ ነገር ግን ማሽኑ የለንም። ሁለት ምሽት ሞረደ። በመጀመሪያው ምሽት ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፣ በሁለተኛው ዘጋው። እኔ ከካርቶን የቆረጥኳትን ሩብ ክብ ናሙና እያስጠጋሁ ብርሃን በየት እንደሚያልፍ አሳየዋለሁ። ብርሃን ባለፈበት ቦታ አየሩም ይላቀቃል። ከዚያ እንደገና ማጠብ፣ እንደገና ጋቢ። በዚህ ጊዜ በ4ኛው ነጣ።

ሦስተኛ ጊዜ ዳይኖ ላይ ወጣን። አፉ ላይ 2.1። ቡስት 12.1። ጉልበት 405።

አሁን ቁጥሮቹ እርስ በርስ ተግባቡ። 1.3 ኢንች ተመልሷል። በፒ ኤስ አይ 0.6 ያህል ነው። በ2 ሲባዛ 1.2 ይደርሳል። ከታች 1.1 አገኘን። የቀረችው ሙቀቱ የበላት ትሆናለች። 17 ፈረስ ደግሞ ጥላ አይደለም።

ግን 3ኛውን ሙከራ አላደረግንም። የዚህ ዙር ውጤት የ2 ሙከራ ብቻ ነው። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። የአየርና የነዳጁ መጠን፣ ማለትም ለ1 እጅ ነዳጅ የሚገባው አየር፣ በአሮጌው 11.6 እጅ ነበር፣ አሁን 12.0 ሆኗል። አየር ጨመረ፣ ነዳጁ ግን ተከትሎ አልመጣም። አየር ለኪው ሴንሰር ደግሞ 4.9 ቮልት ደርሷል። መጨረሻው 5 ነው። 5 ላይ ከደረሰ በኋላ ምንም አየር ቢጨመር ኮምፒውተሩ አያውቅም። ሳያውቅ ነዳጅ አይጨምርም። በቡስት ላይ ያለ ሞተር ነዳጅ ሲያጥረው ፒስቶኑ ነው የሚከፍለው። ልጁ «አንድ ብቻ ጋሼ፣ አንድ» እያለ ቁልፉን ከእጄ አልነጠቀም እንጂ ቀርቶት አልነበረም።

ክርክራችን የጀመረው እዚህ ነው። እሱ ሴንሰሩንም ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተርም በትልቅ ቀይሮ መግፋት ፈለገ። የእኔ ሐሳብ ተቃራኒው ነው። ሱፐርቻርጀሩ አሁን በደንብ ይተነፍሳል። በደንብ ከተነፈሰ ለምን ያን ያህል ይሮጣል? ትልቁን ፑሌጃ፣ ከትንሹ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለውን፣ እንግጠምለት። ቀስ ብሎ ዞሮ የድሮውን ቡስት ይስጠን። ሲዘገይ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ እሱን ለማዞር ከሞተሩ የሚቆረጠው ጉልበትም ይቀንሳል።

«ፑሌጃ ለማሳነስ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፣ አንተ ታስጨምረኛለህ!» አለኝ። ሲናደድ አንተ ይለኛል። አልቀየምኩትም። የሚወደው ሰው ላይ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ለመሞከር ብቻ ተስማማ። አፉ ላይ 1.9። ቡስት 11፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ጉልበት ግን 399። ያኔ በዚሁ ቡስት 388 ነበር። በሙከራው መጨረሻ ላይ የአየሩ ሙቀት ያኔ 71 ዲግሪ ነበር፣ አሁን 65። ሴንሰሩ 4.75 ቮልት፣ የአየርና የነዳጁ መጠን 11.7። በዚህኛው 3ቱንም ሙከራ አደረግን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 2 ፈረስ ነው የተለያዩት።

ስለ ወጪው ብዙ አልልም። የዳይኖው ሰዓት ከላሜራው በላይ አስወጥቶናል። ከትሮትሉ በፊት ያለችው 1.2 ኢንች እስካሁን እዚያው ናት። ቱቦው የፊት መብራቱን ዞሮ የሚያልፍበት ቦታ ተጨፍልቋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀጣዩ ሥራ እሱ ነው። አንድ የልጁ ጓደኛ እንዲህ ዓይነት ፕሌነም እንድንሠራለት ጠይቆ ነበር። ካርቶኑን ሰጥቼዋለሁ። ጠርዙ ላይ በቀይ «12 ራዲየስ፣ እንዳትረሳ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ብየዳውንና ማጠቡን ራሱ ይወጣው። በሌላ ሰው ሮተር ላይ ዋስ አልሆንም።

ልጁ ትልቁን ፑሌጃ እንደገጠመ ነው እስካሁን የሚነዳው። የቨርጂኒያ ሐምሌ ሲመጣ ታመሰግነኛለህ ብዬዋለሁ። ትንሿን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ኋላ ደብቋታል። አይቻለሁ፤ ዝም አልኩት።